ሳጥኑን እኔ ልያዝልሽ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? «ደህና ነኝ» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። እህቴ ግን ደረጃ ስትወርጂ ግድግዳ ይዘሽ መሆኑን ነግራኛለች። በዚህ ላይ ለሚቀጥለው የፖሊዮ ዘመቻ ካልወጣሁ ብለሽ አስቸግረሻል አሉ።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ልጅ ሳለሁ ያንን የክትባት ሳጥን እጠላው ነበር። ጠዋት ትከሻሽ ላይ ከወጣ እስከ ማታ አናይሽም። የወላጆች ቀን ትምህርት ቤት ያልመጣሽውም በሱ ሰበብ ነው። እውነቱን ለመናገር ይቺ እስካሁን ትንሽ ትቆረቁረኛለች።

ሌላም ቀን ግን አለ። ሰባት ዓመቴ ነበር። ደክሞሽ ገብተሽ ጫማሽን ሳታወልቂ ቁጭ አልሽ። እኔ አኩርፌያለሁ። ጠብታው ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ነው፣ እኔ አልፎኛል። ዝም ብለሽ ማርከሩን አወጣሽና የግራ እጄን ትንሿን ጣት ልክ እንደተከተበ ልጅ ቀባሽልኝ። «ይኸው፣ አንተም ተቆጥረሃል» አልሽኝ። ቀለሙ እንዳይለቅ ስንት ቀን እጄን በቅጡ ሳልታጠብ ከረምኩ መሰለሽ!

ለሁለት ጠብታ ይህን ያህል መልፋት ያኔ አልገባኝም። «ልጁ የለም» የተባልሽበትን በር በጠመኔ ምልክት አድርገሽ በማግስቱ ተመልሰሽ ታንኳኪ ነበር። ብልቃጡ ላይ በክብ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ካሬ አሳይተሽኝ፣ «ይቺ እንደ ክቡ ከጠቆረች ሙቀት አበላሽቶታል፤ አይሰጥም» ያልሽኝም ትዝ ይለኛል። ዓለም አቀፉ ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ1988 ሲጀመር በዓመት 350,000 ያህል ልጆች በፖሊዮ ሽባ ይሆኑ እንደነበር ያነበብኩት ካደግኩ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 አፍሪካ ከዋይልድ ፖሊዮ፣ ማለትም በተፈጥሮ ከሚገኘው የፖሊዮ ቫይረስ፣ ነፃ መሆኗ ሲታወጅ ደወልኩልሽ። «በቃ፣ አለቀ አይደል?» ስልሽ፣ «ሌላው ዓይነት፣ ከክትባቱ ቫይረስ ተለውጦ የሚነሳው፣ መቼ ጠፋና!» ብለሽ ተቆጣሽኝ። እንኳን ደስ አለሽ ልል ደውዬ ተግሳፅ ጠጥቼ ዘጋሁ።

ስለዚህ አትሂጂ አልልሽም። ብልሽስ መቼ ትሰሚኛለሽ! ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ። ሳጥኑን እኔ እይዛለሁ፣ ደረጃውንም እኔ እወጣለሁ። አንቺ ከታች ሆነሽ ብቻ ተጣሪ፤ ድምፅሽን ሲሰሙ ይከፍታሉ።

ልጄንም ይዣት እመጣለሁ። አራት ዓመቷ ነው። እሷን በደንቡ ትቀቢያታለሽ።

ልጅሽ