ውሃው ከደፈረሰ አትሻገሪ

ልጄ፣

ትናንት ማታ በቴሌግራም የላክሽውን ፎቶ እናትሽ አሳየችኝ። ጫማችሁን አውልቃችሁ ወንዝ መሃል ቆማችሁ ትስቃላችሁ። እሷ «እንዴት ታምራለች!» አለች። እኔ ያየሁት የውሃውን ቀለም ነው። ውሃው ከደፈረሰ አትሻገሪ።

የቦርከናን ወንዝ ተፋሰስ ከኩታበር እስከ ጨፋ ከመምህራችሁ ጋር በእግር ማየታችሁን ወድጄዋለሁ። እኛ ካርታ ላይ ነበር የተማርነው። ከኩታበር ማዶ የዘነበው በበሽሎ አድርጎ ዓባይ ይገባል። በዚህ በኩል የዘነበው ቦርከናንና አዋሽን ተከትሎ ሄዶ አቤ ሐይቅ ይቀራል፤ ባሕር አያይም። ቆመሽበት ስታዪው ደግሞ ሌላ ነው።

ግን በልግ ነው። ደሴ ከኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ታች ፀሐይ እየሞቃችሁ ጦሳ ተራራ ላይ ይዘንባል። ደራሹ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ይህን ለእናትሽም ነግሬያት አላውቅም። 14 ዓመቴ ነው፤ ያኔ ቤታችን ከወንዙ ማዶ ነበር። አያትሽ አህያዋን ማሽላ አስጭኖ ኮምቦልቻ ገበያ ላከኝ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ውሃው ግን ሻይ መስሎ ጭራሮ ይዞ ይወርዳል። ቸኩዬ ነዳኋት። እኔ ወጣሁ፣ እሷ አልወጣችም። ቤት ገብቼ «ለጎረቤት ልጅ አስይዤያት ነበር፣ አሰረቃት» አልኩ። አባቱ ሲገርፈው አጥር ተጠግቼ ሰማሁ። ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ዝም እንዳልኩ ነው።

አደራሽን፣ ውሃው ከደፈረሰ አትሻገሪ። መምህሩ «ትንሽ እኮ ነው» ቢልም። ጓደኞችሽ ፈሪ ቢሉሽም። እስኪጎድል ከፍ ያለ ቦታ ቁጭ ብለሽ ቆሎሽን ብዪ።

ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች በታች ያለውን ውሃ አትጠጪ፣ ቲማቲምም እንዳታጥቢበት። ሰው ቤት ስትገቡ ደብተር ከመዘርጋታችሁ በፊት ቡናቸውን ጠጡ። ጨፋ ላይ ኦሮሞውም አርጎባውም አለ፤ በበጋ አፋሩ ከብቱን ይዞ ይመጣል። ሁሉም ስለ ውሃው የየራሱ ብሶት አለው። አንዱን ብቻ ሰምታችሁ አትጻፉ።

ያ ልጅ ዛሬ ሽማግሌ ሆኖ ሐርቡ ይኖራል። ታውቂዋለሽ፤ ለእህትሽ ሠርግ ሙክት ነድቶ የመጣው ነው። ስታልፊ ግቢና ሰላም በይው። የአህያዋን ነገር ግን እንዳታነሺበት። እሱን ራሴ ነኝ የምነግረው።

ቻርጀርሽን ሶፋው ላይ ረስተሽዋል። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለሚኒባሱ ረዳት ሰጥቼዋለሁ። ከፍዬዋለሁ፣ ድጋሚ እንዳያስከፍልሽ።

አባትሽ
ደሴ