ካርቶኑን ገና አትስጪው

በርሊን፣ ጥቅምት

ለምወድሽ እህቴ ለእታለም፣

እንደምን ሰነበታችሁ? የእማዬ ጉልበት ተሻላት? እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እዚህ ብርዱ ገብቷል። ወደ ሥራ ስሄድም ስመለስም ጨለማ ነው።

እዚያው ድሬዳዋ ወደ ሳቢያን ሰፈር ልትገቡ መሆኑን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። የአባባን መጻሕፍት በኪሎ የሚገዛ ሰው መጥቶ ነበር ያልሽኝ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። «የትኛው ይቀመጥ? የትኛው ይሂድ? አንተ ታነባለህ፣ ንገረኝ» ብለሻል። እኔ የተማርኩት ሌላ ነው፤ የማነበው ባቡር ውስጥና ልተኛ ስል ነው። ግን የተሰማኝን ሳልደብቅ እጽፍልሻለሁ።

ፍቅር እስከ መቃብር የትም አይሄድም። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አባባ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ዝም ያሰኘን የነበረው ትዝ ይልሻል? ያኔ እኔ የምጠብቀው የሰብለ ወንጌልንና የበዛብህን ነገር ብቻ ነበር። ሌላው ሲመጣ ይሰለቸኝ ነበር። ባለፈው ክረምት አንድ ጓደኛዬ አዋሰኝና እንደገና አነበብኩት። እታለም፣ በዚህ ጊዜ የያዘኝ ሌላ ቦታ ነው። የበዛብህ እናትና አባት ላይ ስደርስ ማለፍ አቃተኝ። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው ታሞባቸው፣ ከዳነ ለቤተ ክርስቲያን ሊሰጡት፣ ሚስትም እንዳያገባ ተሳሉ። ልጁ ዳነ። ግን ያ ስለት ዕድሜውን ሙሉ ተከተለው።

ልጅ ሆኜ ብሰማው ኖሮ «ምን ዓይነት ወላጆች ናቸው?» እል ነበር። አሁን አልፈረድኩባቸውም። እማዬ እኔ ስወጣ ቁልቢ ገብርኤል መሳሏን አሰብኩ። «በሰላም ከደረሰልኝ ጃንጥላ አገባለሁ» ብላ ነበር። ደረስኩ፣ ጃንጥላውንም አስገባች። እኔ ግን እዚሁ ቀረሁ። ልጃቸው በሕይወት እንዲኖር ብቻ የለመኑ ሰዎች፣ ልጁ የት እንደሚኖር ለማሰብ ጊዜ አልነበራቸውም። ይህን ያህል ዓመት ስለ ፍቅር ነው ብዬ የያዝኩት መጽሐፍ፣ ለእኔ አሁን ስለ እናትና አባት ነው።

ጉድለትም አለው። ይረዝማል። መጽሐፉ ውስጥ ያለው የጉዱ ካሳ ሐሳብ ወርቅ ነው፤ አንዳንዴ ግን ንግግሩ አላልቅ ይላል፣ ታሪኩም ቆሞ ይጠብቀዋል። ቢሆንም መጽሐፉ የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን የባላባቱን ሥርዓት እንዲህ ፊት ለፊት መናገር ቀላል አልነበረም። ስለዚህ ታግሼ አዳመጥኩት።

ኦሮማይም ይቀመጥ። በጋዜጣ የተለበደው እሱ ነው። በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ታገደ፤ በዓሉ ግርማም በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። አባባ ለምን እንደለበደው አሁን ነው የገባኝ። ስለ አስመራና ደርግ ኤርትራ ውስጥ ስላካሄደው ቀይ ኮከብ ዘመቻ ሲጽፍ እዚያው ቆሜ የማይ ይመስለኛል። ስብሰባውን፣ ፍርሃቱን፣ ባለሥልጣኖቹን አሳምሮ ነው የሣላቸው። የዋናው ሰውዬ የፀጋዬና የፊያሜታ ፍቅር ግን ቸኮለብኝ። እጮኛውን አዲስ አበባ ትቶ የመጣ ሰው በዚያ ፍጥነት ልቡ ሲሄድ አላመንኩትም። አንቺ ደግሞ አንብቢና ንገሪኝ። የበዓሉን ሌላ መጽሐፍ፣ ከአድማስ ባሻገርን የጨረስኩት በዋናው ሰውዬ በአበራ እየተናደድኩ ነው። ያ ሁሉ ማመንታት! እሱን የጎረቤት ልጅ ከፈለገው ውሰደው በይው።

አሁን ወደ ቀጭኑ መጽሐፍ ልምጣ። መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር ይላል፣ የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። ስስ ስለሆነ ከሌሎቹ መሃል ተጨፍልቆ ይሆናል፣ በደንብ ፈልጊው። እኝህ ሰው ልጅ ሆነው ምፅዋ ላይ በጀርመን መርከብ ወጡ። እኔ አሁን ባለሁበት በበርሊን ሕክምና ተማሩ። ከዚያ ወደ አገራቸው ተመለሱ፣ የእኛው የድሬዳዋ ነጋድራስም ሆኑ፤ የጉምሩኩ ኃላፊ ማለት ነው። ይታይሽ፣ እኔ ከድሬ በርሊን መጣሁ፤ እሳቸው በርሊንን ጨርሰው ድሬ ገቡ።

ጥሬ ዕቃ እየሸጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ፣ ዕውቀት እስካላገኘ ድረስ ከንግዱ ሁሌ ተጎጂ ነው ይላሉ። አማርኛው ከበድ ይላል። አንዳንዱን አንቀጽ ሦስቴ አንብቤዋለሁ። ግን እዚህ ሱቅ ገብቼ የሐረርን ቡና በእነሱ ከረጢት፣ በእነሱ ዋጋ ሳየው የሚሉት ሁሉ ግልጥ ይልልኛል። መጽሐፉ የታተመው ከሞቱ በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. ነው። ሲሞቱ ዕድሜያቸው 33 ገደማ ነበር። ልብ ወለድ ሳነብ ብዙም አላለቅስም፤ ይሄን ሳነብ ግን አለቀስኩ። ልጅነታችንን ሙሉ ባቡር ጣቢያው አካባቢ ስንሯሯጥ አንድ አስተማሪ እንኳን ስማቸውን ጠርቶልን አያውቅም። ይሄ ያንገበግበኛል። ለልጆችሽ ከአሁኑ ንገሪያቸው።

እኔ ደግሞ እዚህ ስለ ሐረር የተጻፈ የእንግሊዝ መንገደኛ መጽሐፍ ገዝቼ ነበር፣ የሪቻርድ በርተንን። ከዘይላ ተነስቶ በ1855 እ.ኤ.አ. ሐረር ገባ፣ 10 ቀን ተቀመጠ። መንገዱን ሲተርክ ጎበዝ ነው፣ አቧራው ይሸትሻል። ሰው ሲገልጽ ግን ንቀቱ አያስቀጥልም። በ10 ቀን ማንን አውቆ ነው እንዲያ የሚፈርደው? ሐረር ላለችው አክስታችን ልልክላት አስቤ ተውኩት። ጀጎል ግንብ ውስጥ ያረጀች ሴት ያንን ማንበብ የለባትም።

እኔ ከመውጣቴ በፊት የገዛኋቸውን የስኬት መጻሕፍት ሰውየው ይውሰዳቸው። እዚህ የመጣሁ ሰሞን አንድ ሁለቱ ብርታት ሰጥተውኛል፣ አልክድም። በኋላ ግን ሌሊት ሠርቼ ጠዋት ስተኛ ጥፋተኛ ያደርጉኝ ጀመር። ለደከመው ሰው የሚሆን አንድ ገጽ የላቸውም።

የቀሩትን አንቺ እንዳየሽ አድርጊ። ብቻ በኪሎ አይመዘኑ። በ1998ቱ የድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ የታችኛው መደርደሪያ እንዳለ ሄዷል። ሰው ባለቀበት ሌሊት ስለ መጽሐፍ ማንም አላነሳም፣ አባባም አላነሳም። ውሃው ሲጎድል ግን የተረፉትን ጣሪያ ላይ ዘርግቶ አንድ በአንድ ሲገልጣቸው አይቼዋለሁ። ካርቶን እንዳትጠቀሚ፣ ምስጥ ይገባበታል። ከታይዋን ገበያ ክዳን ያለው የላስቲክ ሳጥን ግዢ፣ ብሩን ከወሩ ጋር እልካለሁ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። እማዬ ዓይኗ ደክሟል ብለሽኛል። ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል በረንዳ ላይ ፍቅር እስከ መቃብርን አንብቢላት። ከቦጋለና ከውድነሽ ጀምሪ። በስልክሽ ቅጂውና በቴሌግራም ላኪልኝ፣ በባቡር እየሄድኩ እሰማዋለሁ። እማዬ መሃል ገብታ ብታወራ አታቋርጪው፣ እሱንም አብረሽ ላኪው።

ወንድምሽ