ለሜሪላንድ ሕግ አውጪዎች፣ ከወንዙ ማዶ

ለሜሪላንድ ምክር ቤት አባላት፣
አናፖሊስ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው፤ እንጀራዬ ግን እናንተ ዘንድ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ትንሽ ግሮሰሪ አለችኝ። የምጽፈው ሽጉጥ ታጥቆ ስለ መውጣት ፈቃድ ነው። ድምፅ የምሰጠው ወንዙን ተሻግሬ ስለሆነ ለእናንተ ደብዳቤ ከመጻፍ ሌላ አማራጭ የለኝም።

ማታ 5 ሰዓት ላይ መዝጊያውን አወርዳለሁ። የቀኑን ካሽ በእንጀራ ፌስታል ጠቅልዬ ጃኬቴ ሥር እከታለሁ። ከበሩ እስከ መኪናዬ 40 እርምጃ ነው፣ ቆጥሬዋለሁ። ሕጋችሁ ባለሱቅ በገዛ ሱቁ ውስጥ ሽጉጥ እንዲይዝ ይፈቅዳል። ጥይቱን አውጥቶ፣ በማኅደሩ ዘግቶ ከቤት ሱቅ ማመላለስም ይቻላል። ታጥቆ ከበሩ መውጣት ግን ያለ ሜሪላንድ ፈቃድ ያሳስራል። እኔ ደግሞ የምፈራው እነዚያኑ 40 እርምጃዎች ነው።

እናቴ ይህን በስልክ ስነግራት "ከጥይት ሸሽተህ ሄደህ ጥይት ልትገዛ?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

የቨርጂኒያ ፈቃድ አለኝ። በፍርድ ቤት በኩል፣ ከ50 ዶላር ባልበለጠ ክፍያ የወጣ፣ 5 ዓመት የሚያገለግል። እናንተ ግን የማንንም ስቴት ፈቃድ አትቀበሉም፣ ዲሲም እንደዚያው። ወደ ሱቅ ስሄድ የምሻገረው የውድሮው ዊልሰን ድልድይ ከቨርጂኒያ ይነሳና መሃል ላይ የዲሲን ጫፍ ረግጦ ሜሪላንድ ይገባል። ቡናዬ ሳይቀዘቅዝ በሦስት ሕግ ሥር አልፋለሁ። አንድ የማውቀው ልጅ ፈቃዱ እንደ መንጃ ፈቃድ የትም የሚሠራ መስሎት ነበር፤ ባጋጣሚ ወሬ አንስተን ነገርኩት እንጂ ድልድዩ ላይ ቢያዝ ኖሮ መዘዙ ብዙ ነው። ግሪን ካርድ ይዞ የሚኖር ሰው በመሣሪያ ወንጀል ከተፈረደበት ጣጣው እስር ብቻ አይደለም፣ ከአገር እስከ መባረር ይደርሳል።

የቨርጂኒያውን ፈቃድ ተቀበሉልኝ አልልም። እውነቱን ለመናገር ሥልጠናው ግማሽ ቀን አልሞላም። ነዋሪ ያልሆነ ሰው እናንተ ጋ ማመልከት እንደሚችልም አውቃለሁ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 2022 ለፈቃድ ልዩ ምክንያት የሚጠይቀውን የኒውዮርክ ሕግ ከሻረ በኋላ እናንተ ዘንድ "በቂ ምክንያት አምጣ" ማለቱም ቀርቷል፤ ያኔ ገዥ የነበሩት ሆጋን በጁላይ መጀመሪያ ነው ያስቆሙት። ደግ አደረጉ።

የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ከግሮሰሪዋ በፊት ዲሲ ውስጥ የሌሊት ፓርኪንግ እሠራ ነበር። ያኔ የዲሲን ፈቃድ አወጣሁ፦ 16 ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ 2 ሰዓት ተኩስ ሜዳ። የተኮስኩበት ወረቀት ኢላማ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ። እናንተም የምትጠይቁት 16 ሰዓት ነው። ያኛው ግን አይቆጠርልኝም፣ ምክንያቱም ያስተማረኝ ሰው በሜሪላንድ ፖሊስ የተመዘገበ አይደለም። ሁለቱም ጋ የተመዘገበ አስተማሪ ቢገጥመኝ ኖሮ፣ ያው ክፍል፣ ያው ወንበር፣ ያው ኢላማ ለሁለቱም ያገለግለኝ ነበር፤ እንደዚያ የሚያስተምሩ አሉ፣ እኔ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ታዲያ ልዩነቱ የተማርኩት ላይ ነው ወይስ አስተማሪው ኪስ ውስጥ ያለው ወረቀት ላይ?

አሁን እንደ አዲስ ልጀምር ብል ሁለት ቀን ሱቅ መዝጋት ነው። በዚያ ላይ የአስተማሪው ክፍያ፣ የጣት አሻራው፣ የማመልከቻው 125 ዶላር። የመጀመሪያው ፈቃድ የሚያገለግለው ደግሞ 2 ዓመት ብቻ ነው። ለእኔ እንኳን ይሁን። ተቀጥሮ የሚሠራላት ሰው የሌላት፣ ብቻዋን ከፍታ ብቻዋን የምትዘጋ ጎረቤት አለችኝ፤ እሷ ሁለት ቀን ዘግታ ኪራዩን ከየት ታመጣለች?

በጃንዋሪ ስትሰበሰቡ 90 ቀን አላችሁ። ዲሲ ውስጥ 16 ሰዓት የተማረ ሰው የሜሪላንድን ሕግ ብቻ ተምሮ፣ እናንተ ባላችሁበት ኢላማ ተኩሶ እንዲያልፍ የሚል አንድ አንቀጽ ጨምሩ። የወንጀል ምርመራውን አጥብቁት፣ ቅር አይለኝም። ከተቻለ ደግሞ "የሌላ ስቴት ፈቃድ እዚህ አይሠራም" የሚለውን በአማርኛም ጻፉት። ሱቄ በር ላይ የምለጥፈው እኔ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አሌክሳንድሪያ አድሮ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚውል ባለሱቅ