ለመጣችሁልን፣ መንገድ ላይም ለደረሳችሁልን

ከሁሉ አስቀድሞ እግዚአብሔር ይመስገን። ባለፈው ቅዳሜ ሼናንዶዋ ሸለቆ ወደሚደረገው ዓመታዊ የሆት ሮድ (ለፍጥነት ተለውጠው የተሠሩ አሮጌ መኪኖች) ትርኢት ስንሄድ መንገድ ላይ መቅረታችንን ሰምታችሁ ስትደውሉልን ለዋላችሁ ሁሉ በየተራ መልሰን መደወል ስላልሆነልን በዚህ እናመስግናችሁ። ደህና ነን። መኪናዋም ደህና ናት።

«በዚያ አሮጌ መኪና ምን አስኬደው?» ያላችሁም አልጠፋችሁም። ፍቅሩ የቆየ ነው። ድሮ የካሊፎርኒያ ጎረምሶች አሮጌ ፎርድ በርካሽ እየገዙ፣ ፓራፋንጎውን ነቅለው፣ ሙሮክ በሚባል ደረቅ ሐይቅ ላይ ይሽቀዳደሙ ነበር። በፈረንጆቹ 1932 ፎርድ 65 የፈረስ ጉልበት ያለውን ቪ ኤይት (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተር ተራ ሰው በሚችለው ዋጋ ሲያወጣማ ሥራቸው ደራ። ካምሻፍት (የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍት ዘንግ) በመቅረጽ ስሙ የገነነው ኤድ ኢስኬንዴሪያን የአርመን ስደተኞች ልጅ ነው፤ አርመንን ደግሞ ለእኛ ሰው ማስተዋወቅ አያስፈልግም።

የእኔዋ የ1940 ፎርድ ፒክአፕ ናት፣ ከነቪ ኤይት ሞተሯ። የዚህ ሞተር አመሉ ሙቀት ነው። ጭሱ ወደ ማርሚታ የሚወጣው በብሎኩ ውስጥ፣ በሲሊንደሮቹ መሃል አልፎ ስለሆነ ውሃው ቶሎ ይግላል። የነዳጅ ፓምፑም እዚያው ሞተሩ ላይ ስለተቀመጠ በሐምሌ ፀሐይ ቤንዚኑ ካርቡሬተር ሳይደርስ ይተናል። ኢንተርስቴት 66 ላይ ዳገቱ ሲጀምር ጸጥ አለች።

ከኋላችን ትልቅ የጭነት መኪና ፍሬቻውን አብርቶ ቆመ፤ ማንም እንዳይገጨን መንገዱን ከለለልን። ሹፌሩ ወርዶ «አይዟችሁ» ሲል ባለቤቴ አለቀሰች። የመድኃኔዓለም ሥዕል መስታወቱ ላይ የለጠፍከው ወንድማችን፣ ስምህን ሳንጠይቅህ ሄድክ። ይህን ካነበብክ ወይም የሚያውቅህ ካነበበው፣ ቤታችን ቡና አለ፤ ባለቤቴ ዶሮም እሠራለሁ ብላለች።

ወደዚያው ትርኢት ይሄዱ የነበሩ አዛውንት ባልና ሚስትም ቆሙልን። ሰውየው ኮፈኑን ከፍተው አንድ ጊዜ አዩና ከመኪናቸው የእንጨት የልብስ መቆንጠጫ አምጥተው የነዳጁ ቱቦ ላይ ደረደሩት፤ ፓምፑ ላይ ደግሞ እርጥብ ፎጣ ጠመጠሙ። መቆንጠጫው የቱቦውን ሙቀት ይቀንሳል አይቀንስም፣ መካኒኮች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እኔ ፎጣውን አምናለሁ። ሞተሩ ግን ተነሣ፣ እሳቸውም እስከ ትርኢቱ በር ድረስ ከኋላችን ተከተሉን። አማርኛ ስለማያነቡ ይህን ልጄ ተርጉማ ትልክላቸዋለች።

ትርኢቱን በተመለከተ እውነቱን ልናገር። ድሮ መኪና እስከ አጥሩ ድረስ ይሞላው የነበረው ሜዳ ዘንድሮ ከግማሽ በላይ ሣር ነበር። ባለቤቶቹ አርጅተዋል፤ ሲሞቱ ልጆቻቸው መኪናውን ይሸጡታል። የመለዋወጫ ገበያውም ወደ ኢንተርኔት ሄዷል። ድሮ እንደ ምናለሽ ተራ የማይገኝበት ዕቃ ያልነበረው ጥግ ዘንድሮ ጥቂት ጠረጴዛ ብቻ ቀርቶታል። ከነዚያ ባንዱ የተቀመጡት ሽማግሌ ስትሮምበርግ 97 የሚባለውን የድሮ ካርቡሬተር ሰጥተውኝ ገንዘብ አልቀበልም አሉ፤ «ሥራበት እንጂ መደርደሪያ ላይ አታስቀምጠው» ብቻ ነው ያሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ።

ትርኢቱን የሚያዘጋጀውን ክለብ ሰዎች በተለይ የማመሰግናቸው ግን በሌላ ነገር ነው። ደንባቸው ከ1949 በፊት የተሠራ መኪና ብቻ ይላል። ከ1970 ጀምሮ ያለው የእንዲህ ያሉ መኪኖች አገር አቀፍ ማኅበር፣ ናሽናል ስትሪት ሮድ አሶሲዬሽን እንኳ በዚሁ ደንብ ጀምሮ ኋላ 30 ዓመት ለሞላው ሁሉ በሩን ከፍቷል። የእኛ ልጆች በቮልስዋገንና በድሮ ኮሮላ ሲመጡ በር ላይ ያሉት ተያዩ፣ ተነጋገሩ፣ ከዚያ አስገቧቸው፤ ያውም ጥላ ያለበት ቦታ ላይ። ከሰዓት በኋላ ብዙ ሰው የከበበው እነሱን ነበር። ደንቡንም በጽሑፍ ቢለውጡት ደስ ይለኛል፤ ነግሬያቸዋለሁ።

ከአሌክሳንድሪያና ከሲልቨር ስፕሪንግ በሌሊት ተነሥታችሁ ለመጣችሁ፣ ጀበናና ረከቦት በዚያ ሙቀት ተሸክማችሁ አሜሪካኖቹን ሦስተኛ ያጠጣችሁ እናቶች፣ ክበሩልን። የዕድራችን ሊቀመንበር ጋሼ፣ አውቶቡሱን ስላስፈቀዱልን እናመሰግናለን። ለሚቀጥለው ዓመት መምጣት የምትፈልጉ ከወዲሁ ንገሩን፤ ወንበርና ባርኔጣ ያዙ።

አክባሪያችሁ፣ ከነቤተሰቤ
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ