በባቡር ወደ ኦክስፎርድ፦ ለወላጆቻችን የሚገባ የአንድ ቀን ጉዞ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ከደብረ ብርሃን፣ ከአንኮበር፣ ከመንዝና ከተጉለት ተነሥተው ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ለንደን ደርሰው የሚመለሱ እናቶችና አባቶች የሚያወጉን ባመዛኙ ስለ ልጆቻቸው ኑሮና ስለ ገበያው ነው። ልጆቹ ከሥራ የሚተርፋቸው ጊዜ ጥቂት መሆኑን እረዳለሁ። ሆኖም ከዚያው ላይ አንዲት ቀን ተቀንሳ በባቡር ወደ ኦክስፎርድ ለመሄድ ብትውል፣ በተለይም እንግዳው የግእዝ ትምህርት ያለው ሰው ከሆነ፣ ከሌላው ጉብኝት ሁሉ የምትበልጥ ቀን ትሆናለች ብዬ አምናለሁ።

ኦክስፎርድ ቢያንስ እ.ኤ.አ. ከ1096 ጀምሮ ትምህርት ሲሰጥባት የኖረች ከተማ ናት። ለእኛ ግን ከዚህ የሚቀርብ ጉዳይ አላት። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ ከቆየ በኋላ ይዟቸው ከሄደው የብራና መጻሕፍት መካከል የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ነበሩ፤ አንዱን ቦድሊያን ለተባለው የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሰጠ፣ በእጁ የቀረውን ስብስብም ቤተ መጻሕፍቱ እርሱ ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ በ1843 ገዛው። ሙሉ ይዘቱ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረውን ይህን መጽሐፍ ሪቻርድ ሎረንስ ከዚሁ ከቦድሊያን ቅጂ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ በ1821 አሳተመ፤ ጀርመናዊው ሊቅ አውጉስት ዲልማንም በ1848 የቤተ መጻሕፍቱን የግእዝ ብራናዎች ዝርዝር አወጣ። የብሩስ ስብስብ በ1868 ከመቅደላ ከተዘረፈው ጋር መምታታት የለበትም፤ የዚያ ጉዳይ ራሱን የቻለ ክርክር አለው።

እንግዲህ በአጥቢያው ዜማና ቅኔ ተምሮ ያደገ የመንዝ አባት ከዚያ ብራና ፊት ቢቀመጥ ጽሑፉን ራሱ ያነበዋል። ይህ እንዲሆን ግን ዝግጅቱ ከሳምንታት በፊት መጀመር አለበት። የጥንት ብራናዎቹ የሚነበቡት የቦድሊያን ክፍል በሆነውና ብሮድ ስትሪት በተባለው ጎዳና ላይ በሚገኘው በዌስተን ቤተ መጻሕፍት ሲሆን፣ ዝም ብሎ በር አንኳኩቶ መግባት አይቻልም፤ የትኛው ብራና ለምን እንደተፈለገ አስቀድሞ ጽፎ መጠየቅና የአንባቢ ካርድ ማውጣት ያስፈልጋል። ካርዱን የሚወስድ ሰው በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ እሳት እንደማያነድና መጻሕፍቱን እንደማያበላሽ ቃሉን በአንደበቱ ይሰጣል። የአገራችን ዕቃ ቤት ጠባቂዎች ይህን ሥርዓት ቢሰሙ ደስ እንደሚላቸው አልጠራጠርም። ፈቃዱ ካልተገኘ በዚያው ሕንጻ ምድር ቤት ያለው ዐውደ ርእይ በነጻ ይታያል፤ የሚቀርበው ግን በየጊዜው ስለሚለዋወጥ፣ ለአባት «ሄኖክን ያያሉ» ብሎ ቃል መግባት አይገባም።

የባቡሩ ነገር ቀላል ነው። ከለንደን ፓዲንግተን ጣቢያ የሚነሣው ፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ከሜሪልቦን ጣቢያም ሌላ መስመር አለ። ቲኬት በሥራ ቀን ጠዋት በጣም ይወደዳል፤ በእኛ አቆጣጠር ከ3 ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ግን ይረክሳል። ዕድሜያቸው 60 ዓመት የሞላ ሰዎች ፓስፖርታቸውን አሳይተው የአረጋውያን የባቡር ካርድ ቢያወጡ የዋጋው አንድ ሦስተኛ ይቀነስላቸዋል፤ ከ3 እስከ 9 ሆነው ከሰዓቱ ግፊያ ውጪ ለሚጓዙም ተመሳሳይ የቡድን ቅናሽ አለ። ቀጠሮው በየትኛው ሰዓት አቆጣጠር እንደተነገረ ከአባትና ከእናት ጋር አስቀድሞ መስማማት ያሻል፤ ባቡር የስድስት ሰዓት ልዩነት አይጠብቅም።

ከጣቢያው እስከ መሀል ከተማ በእግር ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ዩኒቨርሲቲው በአንድ ግቢ የተከለለ ስላልሆነ፣ በከተማው የተበተኑት አርባ ያህል ኮሌጆች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የመግቢያ ሰዓት አላቸው፤ በፈተና ወቅትም አንዳንዶቹ ለጎብኚ ይዘጋሉ። ሁሉንም ለማየት መሯሯጥ አረጋውያንን ከማድከም በቀር ትርፍ የለውም፤ አንድ ኮሌጅና በነጻ የሚገባበት የአሽሞሊያን ሙዚየም ይበቃሉ። ረቡዕና ዓርብ የጾም ምሳ ቋጥሮ መሄድ ይሻላል። በታኅሣሥ ፀሐይ በእኛ 10 ሰዓት ገደማ ላይ ስለምትጠልቅ ከሚያዝያ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ ብርዱስ ለደብረ ብርሃን ሰው አዲስ አይደለም።

አንድ ጥያቄ አለኝ። የአካባቢያችን ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሀገረ ስብከቱ፣ ወደዚያ ለሚሄዱ የግእዝ ሊቃውንት የትምህርት ደረጃቸውንና ሊያዩት የፈለጉትን ብራና የሚገልጽ የድጋፍ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ቢጽፉላቸው፣ የአንባቢ ካርድ ጥያቄያቸው ክብደት ያገኛል። ጋዜጣችሁ ይህን ሐሳብ ለሚመለከታቸው እንዲያደርስልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ጡረታ የወጣ መምህር፣ ከደብረ ብርሃን