ካሮቱ የት ገባ? ለክፍለ ከተማችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው በራችሁን ማንኳኳት ስለሰለቸኝ ነው። የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህራን ህብረት (ወተመህ) አባል ነኝ። ከሌሎች ወላጆች ጋር በጽሑፍ አመልክተናል። መዝገብ ቤታችሁም ማህተም መትቶ ተቀብሎናል። ከዚያ ወዲህ የምንሰማው «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚለውን ብቻ ነው።

ጉዳዩን ያውቁታል። በልጄ ትምህርት ቤት፣ መመገቢያ አዳራሹ በር ላይ የሳምንቱ የምግብ ዝርዝር ተለጥፏል። ማክሰኞ ሩዝ በካሮት ይላል። ሐሙስ ድንች፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን። ማክሰኞ ገብቼ ድስቱን አየሁት። ሩዝ፣ ዘይት፣ ጨው። በቃ። የምታበስለዋን እናት ጠየቅኳት። «እኔ የመጣልኝን ነው የምሠራው፤ ካሮት ካየሁ ቆየሁ» አለችኝ። እሷን አልወቅስም። ሌሊት ተነስታ ያን ሁሉ ልጅ የምታበላ ሰው ናት።

ያንገበገበኝ የእናንተ ባለሙያ በስብሰባ ላይ የሰጠን መልስ ነው። «ካሮት እኮ ለመልክ ነው፤ ዋናው ልጆቹ መጥገባቸው ነው» አለን።

ለመልክ አይደለም! እኔ ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። ካሮት ያን ቀለም ያገኘው ከቤታ ካሮቲን ነው፤ ሰውነታችን ደግሞ ቤታ ካሮቲንን ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጠዋል። ይህ ቫይታሚን ክፉኛ ያነሰው ልጅ ቀን ደህና ሲሯሯጥ ይውላል፤ ሲመሽ ግን ግድግዳ እየዳበሰ ይሄዳል። ዳፍንት ማለት ይህ ነው። ካልታከመ ዓይኑ ይደርቃል፣ ይቆስላል፣ እስከ መታወርም ይደርሳል። ጉዳቱ ዓይን ላይ ብቻ አይቆምም። በሽታ የመቋቋም አቅሙም ይዳከማል፤ ኩፍኝ ሲይዘው ይጠናበታል። ኩፍኝ ለያዘው ልጅ ቫይታሚን ኤ የምንሰጠውም ለዚህ ነው።

እስቲ ሳህኑን ይመልከቱት። ነጭ ሩዝ ቫይታሚን ኤ የለውም። ፓስታውም ዳቦውም ያው ናቸው። ጉበት፣ እንቁላልና ወተት አላቸው፤ ግን በዚህ ኑሮ ስንቱ ቤት ይገባሉ? አንድ መካከለኛ ካሮት ከ4 እስከ 8 ዓመት ላለ ልጅ የቀኑን ፍላጎት ይሸፍናል። ደግሞም ቤታ ካሮቲን ወደ ሰውነት በደንብ የሚገባው ከቅባት ጋር ነው። ስለዚህ ከትፎ በዘይት ማብሰሉ ጥሬውን ከመብላት ይሻላል። ዘይቱ አለ፣ ድስቱ አለ፣ እሳቱም ነዷል። የጠፋው ካሮቱ ነው።

ካሮት መነጽር ያስጥላል የሚል የለም። ተአምርም አይደለም። ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ። እኛ ጤና ጣቢያ በየ6 ወሩ ቫይታሚን ኤ የምንሰጠው ከ6 እስከ 59 ወር ላሉ ሕፃናት ነው። 5 ዓመት ሲሞላቸው ያ ይቀራል። ከዚያ ብዙም ሳይቆዩ ዩኒፎርም ለብሰው ወደ እናንተ ይመጣሉ። ቤቱ ለጎደለበት ልጅ ከዚያ በኋላ ያለው ተስፋ የትምህርት ቤቱ ሳህን ነው። ያንን ነው «ለመልክ ነው» ተብሎ የተቀነሰበት።

ካሮት ተወዶ ከሆነ ይነገረን። ዱባም ጎመንም ያንኑ ሥራ ይሠራሉ፤ ዝርዝሩን አብረን እንቀይራለን። ካልሆነ ግን የአቅራቢው የርክክብ ሰነድ ለወተመህ ይቅረብ። ካሮት ተረክቤያለሁ ብሎ የፈረመ ሰው ካለ ማን እንደሆነ እንይ። መልሱን ደግሞ በስልክ ወይም በጸሐፊዎ በኩል አንፈልግም። በጽሑፍ፣ ማህተም አርፎበት ይሰጠን።

ነርስና የ3ኛ ክፍል ተማሪ እናት