ክምሩ የልጅቷ አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ሐዋሳ የስፌት ፋብሪካዎች ያወጣችሁትን ዘገባ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ብዙው አልከፋም። ፎቶው ላይ ስደርስ ግን ደሜ ፈላ። አንዲት ልጅ ማሽኗ ላይ አቀርቅራለች፤ አጠገቧ የፖሎ ሸሚዝ ክምር ተቆልሏል። ከሥሩ ምን ጻፋችሁ? «የሠራተኞች ፍጥነት ማነስ ምርት እያጓተተ ነው»።

ፍጥነት ከፎቶ ላይ እንደሚለካ ከእናንተ ሰማሁ። እኛ ጋ ሰዓት ይዘው ከጀርባችን ይቆሙ ነበር፤ ለካ በከንቱ ደክመዋል።

ልጅቷ የምትሠራው ኮሌታ መግጠም ነው። ያንን ሥራ አውቀዋለሁ፣ ዓመታት ተቀምጬበታለሁ። ሁለቱ ጫፎች እኩል መምጣት አለባቸው፣ አንገቱ መጨማደድ የለበትም። ጎን መስፋት ግን ቀጥ አድርጎ መንዳት ነው። (ጎን የምትሰፉ እህቶች አትቀየሙኝ።)

እስቲ እናስላው። ኮሌታ መግጠም 60 ሰከንድ ይፈጃል እንበል፣ ሌላው ሥራ እያንዳንዱ 40 ሰከንድ። ከኮሌታ በሰዓት 60 ይወጣል፣ ከሌላው 90። ስለዚህ በየሰዓቱ 30 ፖሎ ኮሌታ ሰፊዋ አጠገብ ይከመራል። በ8 ሰዓት ሥራ ውስጥ 240። ከኮሌታ በፊት ትከሻ የምትገጥመውን አሠልጥናችሁ በሰዓት 120 ብታስወጧትስ? ከመስመሩ የሚወጣው ያው 60 ነው፤ የሚያድገው ክምሩ ብቻ። ኮሌታ ላይ ሁለተኛ ሰው ብትጨምሩ ግን መስመሩ 90 ይገባል። በታኅሣሥ 19 በገብርኤል በር ለመግባት የተጋፋ ሐዋሴ ይህን ያውቀዋል፤ ከኋላ ስለተገፋ በሩ አይሰፋም።

ክምሩ ሌላም ጣጣ አለው። 240 ፖሎ ወረፋ ከያዘ፣ ዛሬ ትከሻው ላይ የተበላሸ ስፌት ኮሌታ ሰፊዋ ጋ የሚደርሰው 4 ሰዓት ቆይቶ ነው። እስከዚያ ስንቱ አብሮ ተበላሽቷል! ፈትቶ መስፋቱ ደግሞ የማን ጊዜ ነው?

ይህ ሁሉ ስሌት ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። እኔም አጠገብ እንዲህ ያለ ክምር ነበር። ሱፐርቫይዘሩ ባለፈ ቁጥር «መስመሩን የያዝሽው አንቺ ነሽ» ይለኛል። በመጨረሻ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጠኝ። ከእኔ በፊት ትከሻ የምትገጥመው ጓደኛዬ ግን ከታርጌት በላይ አወጣሽ ተብላ ቦነስ በላች። ምን አውጥታ? እኔ አጠገብ የተቆለለውን ነዋ! እሷ በክምሩ ተሸለመች፣ እኔ በዚያው ክምር ተቀጣሁ። ቦነሱ ከመስመሩ መጨረሻ በሚወጣው ቢሰላ ኖሮ፣ እሷ ራሷ ተነስታ ታግዘኝ ነበር።

ዘገባችሁ ሥራ አስኪያጁን ጠይቋል። አማካሪውንም ጠይቋል። ልጅቷን ግን ፎቶ አንስቶ ሄደ። ፋብሪካዎቹ ያሉበት የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ጀምሮ «የሥራ ባህል» የሚለውን ስንሰማ ኖረናል፤ በ2014 አሜሪካ ከአጎዋ፣ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድሏ፣ ስታስወጣንም እሱን እያነሱ ነበር። ዳቶ አካባቢ አንድ ክፍል ለአራት ተከራይታ የምታድር ልጅ፣ ኮሌታ በደንብ በለመደች ማግስት ሥራ ብትለቅ ባህሏን ከመውቀስ በፊት ደመወዟን ማየት ይሻላል። እሷ ስትሄድ ኮሌታው ላይ ጀማሪ ይቀመጣል፣ መስመሩም ይወርዳል።

የካይዘን (የጃፓኖቹ የሥራ ማሻሻያ ዘዴ) ፖስተሮቹንም አድንቃችኋል። ቆንጆ ናቸው፣ አምስቱን «ማ»ዎች፣ እንደ «ማጽዳት» ያሉትን የሥራ ቦታ ደንቦች፣ እኔም በቃሌ እወጣቸዋለሁ። ግን ቶዮታ ፋብሪካ ውስጥ ሠራተኛው ችግር ካየ ገመድ ስቦ መስመሩን ማስቆም ይችላል። እኛ ጋ የመጣው ፖስተሩ ነው። ገመዱ መንገድ ላይ ቀርቷል።

ብዙ ብር የሚጠይቅ ነገር አላወራሁም። ኮሌታ ማሽኑ በምሳ ሰዓት እንዳይቆም ተተኪ ይኑር። መካኒኩ ከሌላው ቀድሞ እሱን ይይ። የተበላሸ ፖሎ ኮሌታ ከመድረሱ በፊት ይለይ። ክር መቁረጡን ጎረቤቷ ትውሰድላት። ከፖሎ ወደ ሌላ ሞዴል ሲዞር ደግሞ ማነቆው ቦታ ይቀይራል፤ ያኔ እንደገና ማየት ነው።

እናንተ የፎቶውን ጽሑፍ አርሙት፣ ዘገባው ራሱ በወጣበት ገጽ ላይ። ዘጋቢያችሁ ዳግም ከመጣም ቢሮ ቡና ከመጠጣቱ በፊት ኮሌታ ማሽኑ ጋ ሩብ ሰዓት ይቁምና ልጅቷን ምን እንደያዛት ይጠይቃት።

የቀድሞ ኮሌታ ሰፊ፣ ከሐዋሳ